ታዴዎስ ኮሽቹሽኮ፤ የነፃነትን መሠረት የፈለገ መሐንዲስ

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ለዘንድሮው እትም ከሙያችን ታላላቅ ሰዎች የአንዱን የሕይወት ታሪክ ጽፌ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ብዙ ስሞች በአሳቤ ተመላልሰው ነበር። ድልድይ በመዘርጋት፣ ውኃ በመገደብ፣ የባቡር ሐዲድ በመቀየስ ስማቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ መሐንዲሶች ጥቂት አይደሉም። እኔ ግን የመረጥኩት ከሠራቸው ግንቦች ይልቅ ሊፈጽመው ባልቻለው አንድ ታላቅ ሥራ የሚታወሰውን ሰው ነው። ይህ ሰው ፖላንዳዊው ታዴዎስ ኮሽቹሽኮ ነው። በሰው አገር የነፃነት ጦርነት በሙያው ተካፍሎ ያ ሕዝብ ነፃ ሲወጣ ለማየት በቃ። የገዛ አገሩን ነፃነት ለማስከበር የመራው ጦርነት ግን በሽንፈት ተደመደመ፤ አገሩም ከካርታ ላይ ተፋቀች፤ እሱም በስደት ሞተ።

ማንኛውም መሐንዲስ ግድግዳ ከማቆሙ አስቀድሞ ሕንፃው የሚያርፍበትን መሬት ይመረምራል። የአገር ነፃነትም እንደዚሁ የሚያርፍበት መሬት አለው። ዘመኑ በማይታመንበት፣ ጎረቤት ሁሉ ባሰፈሰፈበት ጊዜ ነፃነቱን የሚሻ ሕዝብ በምን ላይ ያቁመው? በኃያል ወዳጅ ተስፋ ላይ ነው? በመኳንንቱ ጀግንነት ላይ ነው? ወይስ ጠቅላላው ሕዝብ የእኔ ነው ብሎ በሚከላከለው ሥርዓት ላይ? ኮሽቹሽኮ ከጎልማሳነቱ እስከ ዕለተ ሞቱ ከዚህ ጥያቄ አልተላቀቀም። መልሱን ለማግኘት የከፈለውም ዋጋ ቀላል አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ትውልዱና ትምህርቱ

ኮሽቹሽኮ የተወለደው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1746 ዛሬ በቤላሩስ ክልል ውስጥ በሚገኝ ሜሬቾቭሽቺዝና በተባለ ሥፍራ ነው። ቤተሰቡ ከዝቅተኛው የባላባት መደብ ሲሆን፣ እሱ ከአራት ልጆች የመጨረሻው ነበር። የ12 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ።

በዚያን ዘመን ፖላንድ ከሊትዌንያ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር የተዋሐደች ሰፊ አገር ነበረች። ይሁን እንጂ የአገሪቱ ስፋትና የመንግሥቷ ጉልበት አይመጣጠኑም ነበር። ንጉሡ በመኳንንቱ የሚመረጥ በመሆኑ በእያንዳንዱ ምርጫ የውጭ መንግሥታት እጃቸውን ያስገቡ ነበር። ሴይም በሚባለው ምክር ቤት ውስጥም አንድ ተወካይ ብቻውን ቢቃወም የጉባኤው ውሳኔ ሁሉ ይፈርስ ነበር። ገበሬው ደግሞ ከመሬቱ ጋር የታሰረ ገባር ስለነበር ስለ አገር ጉዳይ የሚጠይቀው አልነበረም። የእኛ አንባቢ ዘመነ መሳፍንትን ቢያስታውስ ሁኔታውን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጊዜውም ተቀራራቢ ነው።

ወጣቱ ኮሽቹሽኮ በ1765 ንጉሥ ስታኒስላቭ አውጉስት በዋርሶ ወዳቋቋመው የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርቱን ጨርሶ የሻምበልነት ማዕርግ ካገኘ በኋላ በ1769 በንጉሡ ወጪ ወደ ፓሪስ ተላከ። በፈረንሳይ የጦር አካዳሚዎች ውስጥ የውጭ አገር ሰው በተማሪነት አይመዘገብም ነበርና የተመዘገበው በሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ አካዳሚ ነው። በጎን ግን የምሽግ አሠራርን፣ የመድፍ ትምህርትንና የመሬት አቀማመጥ ጥናትን በግሉ ተከታተለ። በመደበኛ በር መግባት የተከለከለ ተማሪ በጎን በር ገብቶ የቀሰመው ይህ ዕውቀት የኋላ ስሙን ሁሉ የሠራለት ነው።

ገና በትምህርት ላይ ሳለ በ1772 ሩሲያ፣ ፕሩሲያና አውስትሪያ ተስማምተው ከፖላንድ ግዛት ሲሶ ያህሉን ተካፈሉ። ይህ የመጀመሪያው ቅርምት ይባላል። ኮሽቹሽኮ በ1774 ወደ አገሩ ሲመለስ ጦሩ በቁጥር ተቀንሶ ለአንድ የተማረ መሐንዲስ እንኳ ቦታ ጠፋ። የቤተሰቡንም ርስት ወንድሙ በዕዳ አስይዞት ቆየው። የአንድ ከፍተኛ መኰንን ልጆች አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ፤ ከተማሪዎቹ አንዷን ወድዶ አብረው ሊጠፉ ቢሞክሩም የአባቷ ሰዎች ለያዩአቸው። ከዚያ በኋላ አገሩን ለቅቆ ወጣ።

በሰው አገር የነፃነት ጦርነት

በ1776 የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከእንግሊዝ መንግሥት መገንጠላቸውን ባወጁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኮሽቹሽኮ ፊላደልፊያ ደረሰ። የአሜሪካኖች ጦር በጎ ፈቃደኛ ወታደር አላጣም፤ የጎደለው ምሽግ የሚነድፍ ባለሙያ ነበር። በመጀመሪያ በዴላዌር ወንዝ ላይ የመከላከያ ሥራ ተሰጠው። ኦክቶበር 18 ቀን 1776 ኮንግሬሱ በኮሎኔልነት ማዕርግ የጦር መሐንዲስ አድርጎ ሾመው።

በሚቀጥለው ዓመት ቲኮንደሮጋ ወደተባለው ምሽግ ተላከ። ኮሽቹሽኮ አካባቢውን ዞሮ ከመረመረ በኋላ ከምሽጉ ትይዩ ያለው ሹገር ሎፍ የተባለ ኮረብታ መድፍ እንዲጠመድበት ሐሳብ አቀረበ። ኮረብታውን የያዘ ሁሉ ምሽጉን ከላይ ሆኖ እንደሚያዘው ተረድቷል። አዛዦቹ ግን ኮረብታው ገደል በመሆኑ መድፍ ሊወጣበት አይችልም በማለት ሐሳቡን ሳይቀበሉት ቀሩ። በጁላይ 1777 የእንግሊዝ ጦር መንገድ ጠርጎ መድፉን እዚያው ኮረብታ ላይ አወጣ፤ አሜሪካኖቹም በአንድ ሌሊት ምሽጉን ጥለው ወጡ። አስቀድሞ ያቀረበው ጥናት በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ጉዳቱ ሲደርስ ያየ ባለሙያ ከመካከላችን አይጠፋምና የኮሽቹሽኮን ስሜት ለመገመት አያዳግተንም። እሱ ግን በዚህ ምክንያት ሥራውን አላቀዘቀዘም። የሚሸሸውን ጦር ለማዳን ዛፎችን በመንገድ ላይ እያስገነደሰ፣ ወንዞችን እየገደበ መንገዱን ረግረግ እያደረገ፣ ድልድዮችን እያፈረሰ አሳዳጁን አዘገየው። የእንግሊዝ ጦር አጭሯን መንገድ ለመሄድ ሳምንታት ፈጀበት።

በዚህ የተገኘው ጊዜ ለአሜሪካኖቹ መልሶ ለመደራጀት በቃ። ኮሽቹሽኮ በሀድሰን ወንዝ አጠገብ ቤሚስ ሃይትስ የተባለውን ከፍታ መርጦ አስመሸገው። ከፍታው ወንዙንም የወንዙን ዳር መንገድም የሚቆጣጠር በመሆኑ የእንግሊዙ ጄኔራል በርጎይን በደን በተሸፈነው መሬት ለመዋጋት ተገደደ። ኦክቶበር 17 ቀን 1777 በሳራቶጋ ከነሠራዊቱ እጁን ሰጠ። ፈረንሳይ ከአሜሪካኖች ጋር የጦር ውል የተፈራረመችው ከዚህ ድል በኋላ በ1778 መሆኑን ልብ ይሏል። የውጭው ኃይል እርዳታውን በግልጽ የሰጠው አሜሪካኖቹ በራሳቸው ለመቆም መቻላቸውን ካየ በኋላ ነው። ኮሽቹሽኮ ይህን በዓይኑ አየ።

ከ1778 እስከ 1780 ዌስት ፖይንት የተባለውን የሀድሰን ወንዝ መታጠፊያ የማስመሸግ ሥራ ተሰጠው። ወንዙን ለመርከብ የሚዘጋ ትልቅ የብረት ሰንሰለት በሌሎች ባለሙያዎች ተዘርግቶ ነበር። የኮሽቹሽኮ ሥራ ሰንሰለቱንና የወንዙን መታጠፊያ የሚጠብቁትን ምሽጎች መንደፍና ማሠራት ነበር። አንድ ትልቅ ግንብ ከማቆም ይልቅ በየከፍታው ላይ እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉ ትናንሽ ምሽጎችን አሠራ፤ ጠላት አንዱን ቢይዝ ከሌላው እንዲመታ ታስቦ ነው። ሠራተኛው ጥቂት፣ መሣሪያው የጎደለ፣ ቀለቡም የማያስተማምን ሆኖ ሳለ ሥራው ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሳይቋረጥ ቀጠለ። ኮሽቹሽኮ ከቦታው እንደለቀቀ በ1780 ጄኔራል ቤኔዲክት አርኖልድ የምሽጉ አዛዥ ሆኖ ተሾመ፤ ምሽጉንም በገንዘብ ለእንግሊዞች ለመስጠት ሲዋዋል ሴራው ተገለጠበት። በጦር ኃይል ያልተደፈረ ምሽግ በአንድ ሰው ክህደት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ይህንም ትምህርት ኮሽቹሽኮ ኋላ በአገሩ በከፋ መልኩ ያገኘዋል።

በመጨረሻው የጦርነቱ ምዕራፍ በደቡብ ግንባር ከጄኔራል ግሪን ጋር ተሰልፎ ወንዞችን ቀየሰ፣ ጀልባዎችን አሠራ። በ1783 የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕርግ ተሰጠው። ለዓመታት ያገለገለበት ደመወዝ ግን በአብዛኛው ሳይከፈለው ቀረ።

ከአሜሪካ ይዞት የተመለሰው ማዕርጉን ብቻ አልነበረም። አግሪፓ ሀል የተባለ ነፃ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ለዓመታት የቅርብ ረዳቱ ሆኖ አገልግሏል። ኮሽቹሽኮ ለነፃነት የሚዋጉ ሰዎች ሌላውን ሰው በባርነት ሲገዙ አየ፤ ነገሩም ከአእምሮው አልወጣም። የአገሩም ገባር ሁኔታ ከዚህ ብዙ እንደማይርቅ ለመገንዘብ አልዘገየም።

የሦስተኛው ሜይ ሕገ መንግሥት

በ1784 ወደ አገሩ ሲመለስ አሁንም የጦር ሥራ አላገኘም። ሼክኖቪቼ በተባለችው ትንሽ ርስቱ ላይ ተቀመጠ። ገባሮቹ ለርስቱ የሚሠሩትን የግዴታ ሥራ በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ዝቅ አደረገ፤ ሴቶቹንም ፈጽሞ ከግዴታው ነፃ አወጣ። ገቢው ስላነሰበትም በዕዳ ኖረ። ሐሳቡን መጀመሪያ በራሱ ኪሣራ መሞከሩ የሰውየውን ጠባይ በደንብ ያሳየናል።

በ1788 በዋርሶ የተሰበሰበው ምክር ቤት አገሪቱን ለማደስ ተነሣ። ጦሩ እንዲበዛ ተወስኖ ኮሽቹሽኮም በ1789 ሜጀር ጄኔራል ተባለ። በ1790 ፖላንድ ከፕሩሲያ ጋር የመረዳዳት ውል ተፈራረመች። ሜይ 3 ቀን 1791 አዲስ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ሕገ መንግሥቱ የአንድን ሰው ተቃውሞ ውሳኔ የማፍረስ ሥልጣን ሻረ፤ የዘውዱን ምርጫ አስቀርቶ በዘር የሚወረስ አደረገው፤ ለከተማው ሕዝብም መብት ሰጠ። ገበሬውን ግን በሕግ ጥበቃ ሥር አደርገዋለሁ ከማለት በቀር ከገባርነት አላወጣውም። ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው ክፍል ከአዲሱ ሕንፃ ውጭ ቀረ ማለት ነው።

የሩሲያ ንግሥት ካተሪን ሁለተኛዋ ጎረቤቷ መጠናከሩን አልወደደችም። ጥቅማቸው የተነካባቸው ጥቂት የፖላንድ መኳንንት ታርጎቪትሳ በተባለው ማኅበር ተሰባስበው የእሷን ጣልቃ ገብነት ጠየቁ። በሜይ 1792 የሩሲያ ጦር ወሰን ተሻገረ። ፕሩሲያም የፈረመችውን ውል ክዳ እርዳታ ሳትሰጥ ቀረች። ኮሽቹሽኮ ጁላይ 18 ቀን በዱቢየንካ አምስት ሺህ ያህል ወታደር ይዞ ከሃያ ሺህ የሚበልጥ የሩሲያ ጦር ገጠመ። በቡግ ወንዝና በአውስትሪያ ወሰን መካከል ያለውን መሬት በሚገባ መርጦ መሽጎበት ስለነበር አጥቂው ብዙ ሰው ጠፋበት፤ በመጨረሻም ሩሲያውያኑ በአውስትሪያ ግዛት በኩል ዞረው ስለመጡበት ጦሩን በሥርዓት ይዞ አፈገፈገ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ንጉሡ ራሱ ከታርጎቪትሳ ማኅበርተኞች ጋር መቀላቀሉን አስታወቀ። ጦሩ ገና ለመዋጋት አቅም እያለው አገሪቱ ከላይ እጇን ሰጠች። ኮሽቹሽኮም ሥራውን ለቆ ከአገር ወጣ።

በ1793 መጀመሪያ ወደ ፓሪስ ሄዶ አብዮታዊውን የፈረንሳይ መንግሥት እርዳታ ጠየቀ። ፈረንሳይ ቀደም ብላ የክብር ዜግነት ሰጥታው ነበር፤ ጦርና ገንዘብ ግን አልሰጠችውም። በዚያው ዓመት ሩሲያና ፕሩሲያ ሁለተኛውን ቅርምት ፈጸሙ። የውሉ ባለቤት ፕሩሲያ ከተካፋዮቹ አንዷ ሆነች። ለፖላንድ የቀረላት ከቀድሞ ግዛቷ ሲሶ እንኳ የማይሞላ መሬት ነበር።

የ1794 ዓመፅ

ወደ ዋናው ፈተና የምንደርሰው እዚህ ላይ ነው። በስደት ያሉት አርበኞች ኮሽቹሽኮን የዓመፁ መሪ እንዲሆን መረጡት። እሱ በ1793 መጨረሻ ገደማ በድብቅ ወደ ወሰኑ ቀርቦ ዝግጅቱን ሲመረምር አልረካም፤ ገበሬው አልተነሣም፣ የጦር መሣሪያውም አልተሟላም በማለት ቀኑን አራዘመ። ነገር ግን የሩሲያ ወኪሎች የቀረውን የፖላንድ ጦር እንዲበተን አዘዙ፤ አርበኞቹም እየተለቀሙ መታሰር ጀመሩ። በማርች 1794 አንድ የፈረሰኛ ክፍል አልበተንም ብሎ ተነሣ። ከእንግዲህ መዘግየት ማለት ጭራሹን መተው ማለት ሆነ። በሙያችን መሬቱ ካልተጠና ሥራው አይጀመርም እንላለን። ጎርፍ እየመጣ ሳለ ግን ጥናቱ አልተፈጸመም ብሎ ከመቆም በእጅ ባለው ድንጋይ መከተር ግድ የሚሆንበት ቀን አለ። ኮሽቹሽኮ የደረሰበት ቀን እንደዚህ ያለ ነበር።

ማርች 24 ቀን 1794 በክራኮቭ የገበያ አደባባይ በሕዝብ ፊት ቆሞ ማለ። የተሰጠውን ሙሉ ሥልጣን ማንንም ለመጨቆን እንደማይጠቀምበት፣ የአገሩን ወሰን፣ የሕዝቡን ነፃነትና የሁሉን አርነት ለማስከበር ብቻ እንደሚያውለው ቃል ገባ። ጠመንጃ ስላልበቃ ለእህልና ለሣር ማጨጃ የሚያገለግለውን ረጅም ማጭድ ስለቱን ከእጀታው ጋር ቀጥ አድርጎ በማሰር ገበሬውን አስታጠቀ። ኤፕሪል 4 ቀን በራስዋቪትሴ በተደረገው ውጊያ ማጭድ የያዙት ገበሬዎች በሩሲያ መድፎች ላይ ሮጠው ገብተው ማረኳቸው። ከእነሱም መካከል ባርቶሽ ግዎቫትስኪ የተባለው ገበሬ የመድፍ መለኮሻ በቆቡ እንዳዳፈነ ይነገርለታል። ኮሽቹሽኮ የክብር ልብሱን ትቶ የገበሬ ካፖርት መልበስ የጀመረው ከዚህ ድል በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዋርሶ ሕዝብ ያን ኪሊንስኪ ከተባለው ጫማ ሰፊ ጋር ተነሥቶ የሩሲያን ጦር ከከተማው አስወጣ። ቪልኖም ተከተለ።

ድሉ ራሱ ግን ከባድ ጥያቄ ይዞ መጣ። ገበሬው የእሱ ላልሆነ አገር ለምን ይሞታል? ኮሽቹሽኮ ሜይ 7 ቀን በፖዋኒየትስ ባወጣው አዋጅ ገበሬው በአካሉ ነፃ መሆኑን፣ ዕዳውንና ግብሩን ከፍሎ ወደ ፈለገበት መሄድ እንደሚችል፣ ከሚያርሰው መሬትም ያለ አግባብ እንደማይነቀል ደነገገ፤ የግዴታ ሥራውንም ቀነሰለት። አዋጁ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብም አዘዘ። መኰንኑና ገንዘቡ የሚገኘው ግን ከባላባቱ ነበር። ባላባቱ ደግሞ ለአገሩ ሊሞት ዝግጁ ሆኖ ሳለ ገባሩን ለመልቀቅ ዝግጁ ያልሆነ ብዙ ነው። በብዙ ቦታ አዋጁ ሳይፈጸም ቀረ፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰውም ገበሬ በርስቱ ላይ የቀድሞው የግዴታ ሥራ ጠበቀው። ኮሽቹሽኮ ከዚህ በላይ ቢገፋ ባላባቱን ያጣል፤ ባይገፋ ገበሬውን ያጣል። መካከለኛውን መንገድ መረጠ፤ መካከለኛው መንገድም ሁለቱንም በሙሉ ልብ አላመጣለትም። በእኔ አስተያየት የዓመፁ ዋና ድካም ያለው በጦር ሜዳው ሳይሆን በዚህ ላይ ነው።

ጁን 6 ቀን የፕሩሲያ ጦር ከሩሲያ ጋር ተባብሮ በሽቼኮቺኒ ድል ነሣው፤ ክራኮቭም ተያዘች። ኮሽቹሽኮ ወደ ዋርሶ ዘልቆ ከተማዪቱን በሙያው ተከላከለ። የከተማው ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ወጥቶ እሱ በነደፈው መሠረት የአፈር ምሽግ ሠራ። የፕሩሲያ ንጉሥ ራሱ የተገኘበት ከበባ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ቆይቶ፣ በስተጀርባው በፕሩሲያ እጅ በነበረው የፖላንድ ክፍል ዓመፅ ስለተነሣ ተነሥቶ ሄደ። በዚያው የመከር ወራት ቤሬክ ዮሴሌቪች የተባለ አይሁዳዊ ከወገኖቹ የተውጣጣ የፈረሰኛ ክፍል ለማቋቋም ጠይቆ ኮሽቹሽኮ ፈቀደለት። አገሪቱ የሁሉም ትሆን ዘንድ የነበረው ምኞት እስከዚህ ድረስ ሄዶ ነበር።

ኦክቶበር 10 ቀን 1794 በማቼዮቪትሴ ሁለት የሩሲያ ጦሮች እንዳይገናኙ ለማገድ ሲዋጋ የሚጠብቀው ተጠባባቂ ጦር ሳይደርስለት ቀረ። ኮሽቹሽኮ ክፉኛ ቆስሎ ተማረከ። ኖቬምበር 4 ቀን ጄኔራል ሱቮሮቭ ፕራጋ የተባለውን የዋርሶ ክፍል በኃይል ይዞ ብዙ ሺህ ሰላማዊ ሰው ተፈጀ፤ ዓመፁም አበቃ። በ1795 ሦስቱ መንግሥታት የቀረውን ተካፈሉ። ፖላንድ የሚባል መንግሥት ቀረ። ጠላቶቹ ኮሽቹሽኮ በወደቀበት ቅጽበት የፖላንድ ነገር አከተመ ብሎ ተናገረ እያሉ አስወሩ። እሱ ግን ከዓመታት በኋላ በጽሑፍ አስተባበለ፤ አገር በአንድ ሰው መውደቅ አትወድቅም የሚል እምነት ነበረውና።

ከምርኮ እስከ ስደት

በፔተርስቡርግ ሁለት ዓመት ያህል ታሰረ። በኖቬምበር 1796 ካተሪን ሞታ ልጇ ጳውሎስ ሲነግሥ እሱንና በሺህ የሚቆጠሩ የፖላንድ ምርኮኞችን ለመፍታት ፈቀደ፤ በለውጡ ኮሽቹሽኮ የታማኝነት መሐላ እንዲምል ተጠየቀ። የወገኖቹ መፈታት በእሱ መሐላ ላይ ስለተንጠለጠለ እየመረረው ማለ።

በ1797 ወደ አሜሪካ ተመልሶ በክብር ተቀበሉት። ያልተከፈለው ደመወዝም ከነወለዱ ተሰጠው። በ1798 ወደ አውሮፓ ከመመለሱ በፊት ያንን ገንዘብ የተመለከተ ኑዛዜ ጽፎ ለወዳጁ ለቶማስ ጀፈርሰን ተወ። ገንዘቡ ጀፈርሰን የራሱን ባሮች ጨምሮ ጥቁር ባሮችን ገዝቶ ነፃ እንዲያወጣበት፣ እንዲያስተምርበትና ራሳቸውን እንዲያስችልበት ነበር። ኮሽቹሽኮ ከሞተ በኋላ ግን ጀፈርሰን ኑዛዜውን የማስፈጸሙን ኃላፊነት አልቀበልም አለ፤ ነገሩ ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ሲጓተት ቆይቶ በ1852 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገንዘቡን ለአውሮፓ ዘመዶቹ ፈረደ። በዚያ ገንዘብ ነፃ የወጣ ባሪያ የለም።

በፈረንሳይ ቆይታው ወቅት ከሁሉ የሚያሳስበው የናፖሊዮን ጉዳይ ነበር። ከ1797 ጀምሮ ስደተኛ ፖላንዳውያን በጄኔራል ዶምብሮቭስኪ መሪነት ከፈረንሳይ ጎን ተሰልፈው አገራችንን ያስመልስልናል በማለት ተዋጉ። በ1802 ናፖሊዮን ከእነዚሁ መካከል በሺህ የሚቆጠሩትን በሄይቲ ከባርነት ነፃ የወጡትን ሰዎች እንዲወጉ ላካቸው፤ አብዛኞቹም በጦርና በወባ መሳይ በሽታ እዚያው አለቁ። የራሱን ነፃነት ፈልጎ የወጣ ወታደር የሌላውን ነፃነት እንዲያጠፋ ታዘዘ። በ1806 ናፖሊዮን ወደ ፖላንድ ምድር ሲደርስ የኮሽቹሽኮን ስም ለማግኘት ፈለገ። ኮሽቹሽኮም ሕገ መንግሥታዊ አስተዳደር፣ የገበሬው ነፃነትና የቀድሞው የአገሪቱ ወሰን አስቀድሞ በይፋ ቃል ካልተገባልኝ አልተባበርም አለ። ናፖሊዮን አልተቀበለውም፤ በ1807 የዋርሶ ዱክነት የሚባል ትንሽ ግዛት አቋቋመ፤ የፖላንድን ስም እንኳ አልሰጠውም።

በዚህ ውሳኔው ኮሽቹሽኮን የሚነቅፉ በዘመኑ ነበሩ፤ ነቀፋቸውም መሠረተ ቢስ አልነበረም። ዱክነቱ ትንሽ ቢሆንም የራሱ ጦርና ሕግ ነበረው፤ ገባርነትንም በሕግ ሽሯል። እንዲህ ያለው ጅምር በሱ መሪነት ቢሆን ይበልጥ ይጠነክር ነበር ሊባል ይቻላል። በሌላ በኩል ሲታይ ደግሞ ገበሬው ነፃ ተባለ እንጂ መሬት አልተሰጠውም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፖላንዳውያንም በ1812 ናፖሊዮንን ተከትለው ወደ ሩሲያ ዘምተው አብዛኞቹ ሳይመለሱ ቀሩ፤ ዱክነቱም ከናፖሊዮን ጋር ጠፋ። በአንድ ምሰሶ ላይ ያረፈ ጣሪያ ምሰሶው ሲወድቅ ይወድቃል።

በ1815 የሩሲያው ዛር አሌክሳንደር ኮሽቹሽኮን አስጠርቶ አነጋገረው። በቪየና ጉባኤ የተቋቋመችው ፖላንድ በዛሩ ዘውድ ሥር ያለች ትንሽ አገር መሆኗንና የሊትዌንያ ጉዳይ ያልተመለሰ መሆኑን ሲረዳ ስሙን ሳይሰጥ ተመለሰ። በስዊዘርላንድ ሶሎቱርን በተባለች ከተማ ተቀመጠ። በ1817 የርስቱን ገባሮች ነፃ የሚያወጣ ኑዛዜ ጻፈ፤ ይህንም የሩሲያ መንግሥት አላጸደቀውም። ኦክቶበር 15 ቀን 1817 በ71 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞቱ በኋላ

አስከሬኑ በ1818 ወደ ክራኮቭ ተወስዶ የፖላንድ ነገሥታት በሚቀበሩበት በቫቬል ካቴድራል ዐረፈ። ከ1820 እስከ 1823 ሕዝቡ ከተዋጋባቸው ሜዳዎች አፈር እያመጣ ከከተማው ዳር 34 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጉብታ ሠራለት። በወርቅና በእብነ በረድ ሳይሆን በአካፋና በዶማ፣ አፈር በአፈር ላይ እየተከመረ የቆመ መታሰቢያ ነው። ለአፈር ምሽግ ሠሪ ከዚህ የበለጠ የሚገባ ሐውልት አይታየኝም።

ፖላንዳውያን በ1830 እና በ1863 እንደገና ተነሥተው እንደገና ተሸነፉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው በ1864 የሆነው ነገር ነው። ዛሩ ራሱ በሥሩ ባለችው ፖላንድ የገበሬውን ግዴታ ሽሮ የሚያርሰውን መሬት ሰጠው፤ ዓላማውም ገበሬውን ከዓመፀኞቹ ለመለየት ነበር። የአገሩ ባላባት ከሰባ ዓመት በፊት በኮሽቹሽኮ እጅ እንዲሰጥ የተጠየቀውን፣ የነፈገውንም ነገር ባዕድ ገዢ ሰጥቶ ምስጋናውን ወሰደ። ፖላንድ ነፃነቷን ያገኘችው የተካፈሏት ሦስቱም ዘውዶች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከወደቁ በኋላ በኖቬምበር 1918 ነው። ከሦስተኛው ቅርምት 123 ዓመት ተቈጥሯል።

ከዚህ የሕይወት ታሪክ ምን እንወስዳለን? ኮሽቹሽኮ ሁሉን ትክክል አደረገ ለማለት አልደፍርም። በ1794 ገበሬውን በግማሽ ነፃ አውጥቶ ሙሉ መሥዋዕትነት ጠየቀው፤ ከናፖሊዮን ጋር ባለመተባበሩም ሊገኝ የሚችል ጥቅም አምልጦት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን በራሱ ሕይወት ፈትኖ አይቷቸዋል። የውጭ ወዳጅ ውል የሚጸናው ራሱን ችሎ ለቆመ ነው፤ የፕሩሲያና የፈረንሳይ ነገር ይህን አስተማረው። ከላይ ያሉት ጥቂቶች ብቻ የሚጠብቁት ነፃነት ጥቂቶቹ በከዱ ዕለት ይጠፋል፤ አርኖልድና ታርጎቪትሳ ይህን አሳዩት። ሕዝቡ በአገሩ ውስጥ ድርሻ ካልተሰጠው ለአገሩ የሚከፍለው መሥዋዕት አይዘልቅም፤ ይህንም ያወቀው ማጭድ ይዘው ከተከተሉት ገበሬዎች ነው።

ከሹገር ሎፍ ኮረብታ እስከ ፖዋኒየትስ አዋጅ ድረስ የሰውየው ሥራ አንድ ዓይነት ነበር፤ መሬቱን መርምሮ ያገኘውን ሳይደብቅ መናገር። አንዳንዴ ተሰማ፣ ብዙ ጊዜ አልተሰማም። ምርመራውንና መናገሩን ግን አልተወም። እኛም ሕንፃ፣ መንገድና ግድብ የምንሠራ ሰዎች ከእሱ ጋር የምንጋራው ሥራ ይህ ነው፤ የምንጋራውም ኃላፊነት ይኸው ነው።